ደለስ ወርዶ ከባልቲሞር መሳፈር

ሻንጣና ቲኬት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ባለፈው ግንቦት እናቴን ከአዲስ አበባ አስመጣኋት። ከአገር ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ቲኬቱን የቆረጥኩት ዋጋ ከሚያወዳድሩ ድረ ገጾች በአንዱ ነው። «አዲስ አበባ – ዋሽንግተን፣ ዋሽንግተን – ዴንቨር» ይላል። ከሚቀጥለው አማራጭ በ140 ዶላር ይቀንሳል። በመሃል አምስት ሰዓት ከሩብ አለ። ዘና ብላ ትደርሳለች ብዬ ደስ አለኝ።

ጠዋት በሰላም ገባች። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። እናቴ ናት። «ልጄ፣ ሁለተኛው አውሮፕላን እዚህ የለም ይሉኛል» አለችኝ። ስልኩ የታክሲ ሹፌር ነው፤ ደግነቱ የአገራችን ልጅ። ወረቀቷን አይቶ ደለስ ኤርፖርት እንደወረደችና ቀጣዩ በረራዋ ከባልቲሞር ኤርፖርት እንደሆነ የነገረኝ እሱ ነው። እኔ ክው አልኩ። ሜትሩ ከነቶሉ 158 ዶላር ቆጠረ። ቲፕ አልቀበልም ብሎ ከእናቴ ቦርሳ የወጣ ዳቦ ቆሎ ይዞ ሄደ። ባልቲሞር ስትደርስ ደግሞ ለሁለቱ ሻንጣዎቿ 80 ዶላር ተጠየቀ። ከአዲስ አበባ ስትነሳ እኮ በነፃ ነበሩ!

ድረ ገጹን ገንዘቤን መልሱልኝ ማለት እችላለሁ? ሁለት ኤርፖርት ያለበትን መንገድ እንደ አንድ አድርገው እንዴት ይሸጣሉ? መመለሻዋም በዚያው መንገድ ነው። ከዴንቨር ማታ ባልቲሞር ትገባለች፣ በማግስቱ ረፋድ ከደለስ ትነሳለች። ምን ላድርግ?

ሰ. ከኦሮራ

መልስ

እህቴ፣ መጀመሪያ እናትሽ እንኳን በሰላም ገቡ። ዳቦ ቆሎው ላይ ስቄአለሁ፣ ይቅርታ። ሹፌሩ ግን አላስገረመኝም። ደለስ በር ላይ ቆሞ አማርኛ የሚችል ሹፌር ለማግኘት ብዙ መፈለግ አያስፈልግም።

ሂሳቡን እንሥራ። ታክሲ 158፣ ሻንጣ 80፣ ድምሩ 238 ዶላር። 140 አተረፍኩ ብለሽ 98 ከስረሻል። ያውም እናትሽ በሰዓቱ ስለደረሱ ነው። አንድ ሰዓት ቢዘገዩ ሁለተኛው አየር መንገድ «አልመጡም» ብሎ ቲኬቱን ይሰርዝ ነበር። አዲስ ቲኬት በዕለቱ ዋጋ ስትገዢ ስንት እንደሚሆን አስቢው።

አሁን ወደ «እንዴት ይሸጣሉ» ልምጣ። ዋሽንግተን የሚባለው ሰፈር ሦስት ትላልቅ ኤርፖርቶች አሉት። ደለስ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ ፊደሎቹ አይ.ኤ.ዲ.። ሬገን ናሽናል ከወንዙ ማዶ፣ ከተማው አፍንጫ ሥር ነው፤ ዲ.ሲ.ኤ.። ባልቲሞር ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ ነው፤ ቢ.ደብሊው.አይ.። የዚህ የመጨረሻው ሙሉ ስም ውስጥ ራሱ «ዋሽንግተን» የሚል ቃል አለ። ስለዚህ ድረ ገጹ ዋሽንግተን ሲልሽ አልዋሸም። ያው እውነቱን ጎርዶ ነው የነገረሽ።

ከደለስ እስከ ባልቲሞር ኤርፖርት መንገዱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አንድ ሰው ቦሌ ወርዶ «ቀጣዩ አውሮፕላንህ አዳማ ነው» ቢባል እንደማለት ነው።

እኔ አዲስ አበባ ቲኬት ቢሮ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ነገሩ ከየት እንደሚመጣ አውቀዋለሁ። በአቪዬሽን ዓለም እያንዳንዱ ኤርፖርት ሦስት ፊደል አለው። ብዙ ኤርፖርት ያለው ከተማ ደግሞ ለብቻው የከተማ ኮድ አለው። ለንደን ኤል.ኦ.ኤን. ነው፤ ሄትሮው፣ ጋትዊክ፣ ስታንስቴድ፣ ሉተን ሁሉም በእሱ ሥር ናቸው። ፓሪስ፣ ሚላን፣ ኒውዮርክ፣ ቶኪዮም እንደዚሁ። አንቺ የከተማውን ስም ስትጽፊ ኮምፒዩተሩ በሁሉም ኤርፖርቶች ይፈልጋል። ከዚያ ርካሹን መግቢያ ከርካሹ መውጫ ጋር ይሰፋዋል። ሁለቱን የሚያገናኘው መንገድ ላይ እናትሽ ሁለት ሻንጣ ይዘው እንደሚቆሙ አያውቅም።

እኛ ቲኬት በእጃችን ስንቆርጥ ደንበኛው ፊት ለፊታችን ይቀመጣል። «እማማ፣ እዚህ ጋ ኤርፖርት ይቀየራል፣ የሚቀበልዎት ሰው አለ?» ብለን እንጠይቃለን። ጥያቄው በራሱ ብዙ ጉድ ያስቀራል። በነገራችን ላይ እኔም ያሳፈረኝ ቀን አለ። አንድ አባት መጥተው ልጃቸው «ደለስ» እንዳለች ነገሩኝ። እኔ ዳላስ፣ ቴክሳስ ሰማሁ። ሊከፍሉ ሲሉ ነው «ልጄ እኮ ቨርጂኒያ ናት» ያሉት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሦስቱን ፊደል ጮክ ብዬ ሳላነብ ቲኬት አልቆርጥም። ማለቴ፣ ለሰው።

ለራሴማ አንብቤ አይደለም የወጋኝ? የእህቴ ልጅ ስቶክሆልም ስታገባ ነው። ከደለስ ሄትሮው ገባሁ። ከለንደን ወደ ስቶክሆልም 29 ፓውንድ የሚል ቲኬት አግኝቼ «እኔን የሚያህል ሙያተኛ» ብዬ ኮርቼ ገዝቼአለሁ። በረራው ከስታንስቴድ ነው። ይህን አውቄዋለሁ፣ አውቶቡስ አለ ብዬ ንቄው ነው። ከሄትሮው አውቶቡሱ 25 ፓውንድ ገደማ ጠየቀኝ፣ መንገድ ተዘጋግቶ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ቼክ ኢን ላይ ሻንጣዬን ያዩና የሻንጣውን ዋጋ ሲነግሩኝ ከቲኬቱ እጥፍ ሆኖ አገኘሁት። እሺ ብዬ ከፈልኩ። ለካ ስቶክሆልም የተባለውም ስካቭስታ ነው! ስካቭስታ ኒሾፒንግ የምትባል ከተማ አጠገብ ነው፣ ከስቶክሆልም 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እንደገና አውቶቡስ፣ እንደገና ክፍያ። ሙሽሮቹ ፎቶ ተነሥተው ሲጨርሱ ደረስኩ። እህቴ እስከ ዛሬ ሰርግ በተጠራ ቁጥር «ወንድሜ በየት በኩል ነው የምትመጣው?» ትለኛለች።

ታክሲውና ሻንጣው ግን ከሁሉ የከፋው ወጪ አይደሉም። የከፋው ቪዛ ነው። አንባቢዎች እዚህ ጋ ቆም በሉ።

ኤርፖርት መቀየር ማለት ወደ አገሩ መግባት ማለት ነው። በፓስፖርት ቁጥጥር ታልፋላችሁ፣ ሻንጣ ትሰበስባላችሁ፣ መንገድ ትወጣላችሁ። አንድ ዘመዴ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የአሜሪካ ግሪን ካርድ አለው። ከአዲስ አበባ ፓሪስ ሻርል ደጎል የሚገባ፣ ከፓሪስ ኦርሊ ወደ ኒውዮርክ የሚወጣ ርካሽ ቲኬት ገዛ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ፓሪስ ላይ ትራንዚት ቪዛ አያስፈልገውም የሚለውን ሰምቷል። የሰማው ትክክል ነው። ኢትዮጵያ በአውሮፓ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቅባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ግሪን ካርድ የያዘ ከዚህ ነፃ ነው። ነፃ የሆነው ግን ከኤርፖርቱ ሳይወጣ አውሮፕላን ሲቀይር ብቻ ነው። ወደ ኦርሊ ለመሄድ የሸንገን (የአውሮፓ አገሮች የጋራ) መግቢያ ቪዛ ያስፈልጋል። ግሪን ካርድ ሸንገን አያስገባም። ቦሌ ቼክ ኢን ላይ መለሱት። ልክ ናቸው፤ ቢያሳፍሩት አየር መንገዱ ነው የሚቀጣው። ቲኬቱ ግን ተቃጠለ።

እንግሊዝ ለየት ይላል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ሄትሮው ውስጥ ሳይወጣ ለማለፍ እንኳን በመደበኛው ትራንዚት ቪዛ ይጠየቅበታል። የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ላለው ግን ሁኔታው እየታየ የሚያልፍበት ደንብ አላቸው። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለን ሰዎችም ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ እንግሊዝ ለመግባት አስቀድመን በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ ማውጣት አለብን። ሲጀመር 10 ፓውንድ ነበር፣ በሚያዝያ 2025 ወደ 16 ገባ። ሄትሮው ውስጥ ሳይወጣ ለሚያልፍ አይጠየቅም። ከሄትሮው ጋትዊክ የሚሄድ ግን ይጠየቃል። በ2025ቱ ዋጋ ለአራት ቤተሰብ 64 ፓውንድ ነበር፤ አውቶቡሱ ሳይቆጠር።

ወደ አንቺ ልመለስ። ገንዘብሽን ማስመለስ ትችያለሽ ወይ? የጉዞ ወረቀቱን እንደገና ክፈችው። ዕድሜ ልኬን ያየሁት ነገር ስለሆነ እወራረዳለሁ፣ አንድ ቦታ በትንሽ ፊደል «ኤርፖርት ይቀየራል» ወይም «ዝውውሩ በተሳፋሪው ነው» ይላል። ይህ ካለ ታክሲውን የሚከፍልሽ የለም። የአሜሪካ ደንብ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት መሰረዝ ይፈቅዳል፣ ግን ከአየር መንገዱ በቀጥታ ለተገዛና ከጉዞው ቢያንስ ሰባት ቀን በፊት ለተቆረጠ ቲኬት ነው። ሻጩ ድረ ገጽ ከሆነ ይህ አያስገድደውም። ሌላ አንድ በር አለ። ቲኬት ከገዛሽ በኋላ አየር መንገዱ ራሱ መነሻውን ወይም መድረሻውን ወደ ሌላ ኤርፖርት ቢቀይርብሽ፣ አልቀበልም ብለሽ ሙሉ ገንዘብሽን ማስመለስ ትችያለሽ። በ2024 የወጣው የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ደንብ እንደ ትልቅ ለውጥ ይቆጥረዋል። ያንቺ ግን ከመጀመሪያው እንደዚያ የተሸጠ ነው።

ርካሽ መንገድ አልነበረም ወይ ትይኝ ይሆናል። ነበር። ከደለስ የብር መስመር ሜትሮ ከኅዳር 2022 ጀምሮ አለ። ወርደሽ ቀይ መስመር፣ ዩኒየን ስቴሽን፣ ከዚያ ወደ ባልቲሞር የሚሄድ ባቡር፣ ከባቡር ጣቢያው ነፃ አውቶቡስ። ከ20 ዶላር በታች ያልቃል። እኔ በአንድ የእጅ ቦርሳ አድርጌዋለሁ። እናትሽ በሁለት 23 ኪሎ ሻንጣ፣ በበርበሬና በሽሮ፣ እንግሊዝኛ ሳይችሉ? ዝም በይ።

ዊልቸር አዝዤላት ነበር የሚሉ ልጆችም ይጽፉልኛል። ዊልቸር ጥሩ ነገር ነው፤ ሰው ይመድብላቸዋል፣ ኢሚግሬሽን ያሳልፋቸዋል፣ ሻንጣ ያወርድላቸዋል። የሚያደርሳቸው ግን እስከ ኤርፖርቱ በር ነው። ከበሩ እስከ ሌላው ኤርፖርት የሚገፋ የለም።

አሁን መመለሻው። ኢሜይልሽ ውስጥ ስድስት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት የቦታ ማስያዣ ኮድ አለ። ስንት እንደሆነ እይ። ሁለት የተለያዩ ኮዶች ካሉ ቲኬቶቹ ተለያይተው የተገዙ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ግን በአንድ ቲኬት ላይም እያንዳንዱ አየር መንገድ የራሱን ኮድ ሊሰጥ ስለሚችል የቲኬት ቁጥሮቹም የተለያዩ መሆናቸውን አረጋግጪ። መምጫው ላይ የጎዳሽ ይህ ነበር፣ ለሻንጣው ሁለቴ ያስከፈለሽም ይኸው ነው። መመለሻው ላይ ግን ይጠቅምሻል። ከዴንቨር ባልቲሞር የሚለውን ብትተዪው የደለሱን በረራ ምንም አይነካውም። አንድ ቲኬት ብቻ ከሆነ ግን እንዳትነኪው! የመጀመሪያውን በረራ ያልበረረ ተሳፋሪ የተቀረው ሁሉ ይሰረዝበታል። ያን ጊዜ ደውለሽ ማስቀየር ነው ያለሽ።

ሁለት ቲኬት ከሆነ ከዴንቨር በቀጥታ ደለስ የሚገባ በረራ ፈልጊላቸው። ዩናይትድ የሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ሁለቱም ከተሞች ዋና ጣቢያዎቹ ናቸው፣ ስለዚህ አይጠፋም። ማታ ተነሥቶ ንጋት ላይ የሚገባ ካገኘሽ ደግ ነው፣ ሆቴል ያስቀራል። ከባልቲሞሩ ቲኬት የሚመለስ ገንዘብ ካለ ጠይቂ፣ ከሌለ እርሺው። ሆቴልና ታክሲ ደምሪና አወዳድሪ፤ አዲሱ ቲኬት ይረክሳል ባይ ነኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ስታስመጫቸው ደግሞ ከአዲስ አበባ እስከ ዴንቨር በአንድ ቲኬት ግዢ። የኢትዮጵያ አየር መንገድና ዩናይትድ ሁለቱም የስታር አሊያንስ (የአየር መንገዶች ማኅበር) አባል ናቸው፤ በአንድ ቲኬት ይሸጣሉ። ሻንጣው ቦሌ ላይ እስከ ዴንቨር ይታሰርበታል። ደለስ ላይ ለጉምሩክ ያነሱትና እዚያው ከመውጫው አጠገብ መልሰው ያስረክቡታል። አውሮፕላን ቢያመልጣቸው ቀጣዩን የሚፈልግላቸው አየር መንገዱ ነው። ዋጋው በ140 ዶላር ይበልጣል ነበር ያልሽው? ያ 140 ዶላር ምን እንደሚገዛ አሁን አይተሻል።

ጥያቄ

ሰላም ጋሼ፣ ሚላን ነው ያለሁት፣ ፖርታ ቬኔዚያ አካባቢ። በኅዳር ከፍራንክፈርት ወደ ሊናቴ ኤርፖርት ስመለስ ጭጋግ ሆነና አውሮፕላኑ ሌላው የሚላን ኤርፖርት ማልፔንሳ አረፈ። እኩለ ሌሊት ቀርቦ ነበር። የሚያናግረን ሰው አጣን። በታክሲ 120 ዩሮ ከፍዬ ቤቴ ገባሁ። አየር መንገዱን ስጠይቅ «ጭጋግ የኛ ጥፋት አይደለም» አሉኝ። እውነት ነው?

መ. ከሚላን

መልስ

ወንድሜ፣ ግማሹ እውነት ነው። ጭጋጉ ጥፋታቸው አይደለም። የሊናቴን የኅዳር ጭጋግ የሚላን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ታክሲውን ግን ጭጋጉ አይሰርዘውም።

የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 አንቀጽ 8 ንዑስ አንቀጽ 3 የተጻፈው ላንተ ዓይነቱ ነው። ከተማው ብዙ ኤርፖርት ካለውና አየር መንገዱ ቲኬትህ ላይ ካለው ወደ ሌላኛው ከወሰደህ፣ ወደ መጀመሪያው ኤርፖርት ወይም አብራችሁ ወደተስማማችሁበት ቅርብ ቦታ የማድረሱ ወጪ የእሱ ነው። በሚያዝያ 2021 የአውሮፓ ፍርድ ቤት በዚህ ላይ ወስኗል። ጉዳዩ ከቪየና ተነሥቶ በርሊን ቴግል ሊያርፍ የነበረ፣ ሌላው የበርሊን ኤርፖርት ሾነፌልድ ያረፈ በረራ ነው። ተሳፋሪው 250 ዩሮ ካሳ ፈልጎ ነበር። ፍርድ ቤቱ ለትንሽ መዘግየት ካሳ የለም አለ። ማጓጓዣውን ግን አየር መንገዱ ሳይጠየቅ ራሱ ማቅረብ አለበት፣ ካላቀረበ ተሳፋሪው ያወጣውን አስፈላጊና ምክንያታዊ ወጪ ይመልስለታል አለ። የተለየ ሁኔታ ነበር የሚለው ማመካኛ ከካሳ እንጂ ከዚህ አያድንም።

ስለዚህ ደብዳቤህ ላይ ካሳ የሚለውን ቃል አትጻፍ። «የማጓጓዣ ወጪ» በል፣ አንቀጹን ጥቀስ፣ ሰዓቱን ጻፍ። በዚያ ሰዓት ባቡርና አውቶቡስ ካልነበረ ይህንንም ጻፍ፤ ታክሲው ምክንያታዊ የሚሆነው በዚህ ነው። አንተ የሄድከው ሊናቴ ሳይሆን ቤትህ ስለሆነ ትንሽ ሊቀንሱ ይሞክሩ ይሆናል። መጀመሪያ ሙሉውን ጠይቅ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ከአውሮፓ ኅብረት ኤርፖርት ስለተነሣህ ነው። ከአዲስ አበባ የአውሮፓ ባልሆነ አየር መንገድ መጥተህ ቢሆን ደንቡ አይደርስህም ነበር።

የታክሲው ደረሰኝ አለህ አይደል? ከሌለህ በካርድ ከፍለህ እንደሆነ የባንክ ወረቀቱን አያይዝ። በጥሬ ብር ከፍለህ ደረሰኝ ካልወሰድክ ግን፣ ወንድሜ፣ እሱን እኔም አልችለውም።